የሽለላ ክብደትና ተቀባዩ፤ ከጊች ገደል እስከ ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን

በወጣቶች አነጋገር «ከባድ ሙዚቃ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የኤሌክትሪክ ጊታር የሚጮኽበት፣ ከበሮው የሚያደነቁርና ዘፋኙ ከመዝፈን ይልቅ የሚያገሣበት የውጭ አገር ዘፈን ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፣ ከባድ ሙዚቃ ጊታር ከመምጣቱ በፊት በአገራችን እንደ ነበረ፣ ስሙም ሽለላ እንደ ሆነ፣ ክብደቱም የሚመጣው ከድምፁ ኃይል ሳይሆን በሰሚው ላይ ከሚጥለው ዕዳ እንደ ሆነ ነው። ሸላዩ ከጮኸ በኋላ ሰሚው ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልም፤ መቀበል አለበት። ይህ እውነት ከሆነ ሽለላን ለጓደኛ ማሰማት ቀላል ነገር አይደለም። ይህንን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ወደ ከባድ ሙዚቃ የገባሁት በራሴ ሳይሆን በጓደኛ ነው። ሁለተኛ ደረጃ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የምናውቀው ሙዚቃ በኦርጋን የሚታጀብ መዝሙር ነበር። ኖታ ማንበብንና በአራት ድምፅ መዘመርን የተማርሁት እዚያ ስለ ሆነ ውለታውን አልክድም። አንድ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ የአልጋ ጎረቤቴ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለእኔ ሰጥቶ ሁለተኛውን በራሱ ጆሮ አድርጎ ብላክ ሳባት የሚባሉትን የእንግሊዝ አገር ሙዚቀኞች አሰማኝ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ ነው። ጊታር መቺው ቶኒ አዮሚ በበርሚንግሃም ከተማ በቆርቆሮ ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ተቆርጦበት ነበር፤ ስለዚህም ጣቱን እንዳያስቸግረው በኋላ የጊታሩን ክሮች አላልቶ መቃኘት ጀመረ። ክር ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፤ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ የዚያ ሙዚቃ መታወቂያ ሆነ።

እኔ ግን ስሰማው መጀመሪያ ትዝ ያለኝ በገና ነው። የበገና ዐሥሩ ክሮች ከታች በሚያርፉበት ቦታ እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ ቁራጭ ቆዳዎች ይገቡባቸዋል፤ ክሩ ሲመታ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ይርገበገባል። የጊታር ሰዎች በኤሌክትሪክ ያገኙትን ሻካራ ድምፅ የእኛ ሰዎች በቁራጭ ቆዳ አግኝተውት ኖረዋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በገና የብቻ ነው፤ ደርዳሪው የሚነጋገረው ከፈጣሪው ጋር ስለ ሆነ ከጎረቤቱ መልስ አይጠብቅም። በዚያች ሌሊት እኔና ጓደኛዬ አንዱን ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለን ስንሰማ ግን፣ ከዘፈኑ ይልቅ ደስ ያለኝ እርሱ በሚነቃነቅበት ቦታ እኔም መነቃነቄ ነበር። ብቻዬን ደግሜ ብሰማው ያንን ያህል አልከበደኝም። ይህ ነገር ወደ ሽለላ መለሰኝ።

ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ ብዙ ጊዜ በአንድነት ይጠራሉ፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። በእኛ አገር አነጋገር ቀረርቶ ቁርጥ ያለ ምት ሳይኖረው ድምፅን ከፍ አድርጎ በረጅሙ እየለቀቁ የሚያዜሙት ነው። ሽለላ ጀግናውን የሚያወድስና ልብን የሚያነሣሣ፣ ተቀባይ ያለው ዜማ ነው። ፉከራ ደግሞ ከዜማ ይልቅ ለንግግር ይቀርባል፤ ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ከመካከል ይነሣና ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የሠራውን ጀብዱና የጣለውን ግዳይ ይዘረዝራል። ሦስቱም የሚሰሙት በዘመቻ ብቻ አይደለም፤ በሠርግ፣ በደቦ አጨዳ፣ በጀግና ለቅሶም ላይ ይሰማሉ።

በሽለላ ውስጥ ዋናው ነገር፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በሁለት ስንኝ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ነው። ሸላዩ ትንፋሹን ሲስብ ያ ቦታ ለተቀባዩ የተተወ ነው። ማንም ካልገባበት ዘፈኑ ይወድቃል፤ ሸላዩም ያፍራል። በትምህርት ቤት የተማርሁት ባለ አራት ድምፅ መዝሙር ክብደት የሚያገኘው ድምፆቹ በአንድ ጊዜ ስለሚደራረቡ ነው። ሽለላ ግን አንድ ድምፅ ብቻውን ወጥቶ ምላሽ እስኪያገኝ ድረስ በሜዳ የሚቆምበት ነው። የሚከብደውም ያ መቆም ነው።

ይህን ያየሁት በጊች ነው። ጊች የእናቴ አገር ናት። በስሜን ተራሮች ላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ከገደል አፋፍ ብዙም ሳትርቅ የነበረች መንደር ስትሆን፣ ሕዝቧ አብዛኛው ሙስሊም ሆኖ ገብስ እያረሰና ከብትና በግ እያረባ ይኖርባት ነበር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። እርሻውና ግጦሹ ዋልያውንና ቀይ ቀበሮውን ያጣብባል ስለ ተባለ የጊች 418 አባወራ በ2008 ዓ.ም. ተነሥቶ በደባርቅ ከተማ እንዲሰፍር ተደረገ፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ይህን የማነሣው በፓርኩና በመንደሩ መካከል ለመፍረድ አይደለም። ያ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል፤ እኔ የማነሣው ለሽለላው ስለሚያስፈልገኝ ብቻ ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም በጊች የታወቁ ሸላይ ነበሩ። በልጅነቴ እናቴን ተከትዬ ከደባርቅ ስወጣ፣ ከብቱ ወደ በረት ከገባ በኋላ ወደ አፋፉ ወጣ ብለው ሲያቅራሩ እሰማ ነበር። ማሲንቆ የለ፣ ከበሮ የለ፤ ድምፃቸው ብቻ ወደ ገደሉ ይወርድና ጥቂት ቆይቶ ተሰባብሮ ይመለሳል። አጎቴም ሁለተኛውን ስንኝ የሚያወጡት የመጀመሪያው እስኪመለስላቸው ጠብቀው ነው። አንዳንድ ቀን ማዶ ያሉ እረኞች ይቀበሏቸዋል። እረኛ በሌለበት ቀን ግን ተቀባዩ ገደሉ ነው። ብርዱ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ስለ ነበረ እኔ በጋቢ ተጠቅልዬ «መቼ ነው የምንገባው?» እያልሁ እጠብቅ እንደ ነበር መደበቅ አያስፈልግም፤ ክብደቱን የተረዳሁት በኋላ ነው። ዛሬ አጎቴ የሚኖሩት በደባርቅ፣ ቤት ከቤት በተያያዘበት ሰፈር ነው። ለምን እንደማይሸልሉ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «እዚህ ብጮህ ሰዎቹ ተጣሉ ተብሎ ፖሊስ ይጠራብኛል እንጂ ማን ይቀበለኛል?»

አሁን ወደ ጌታቸው መኩሪያ ልሻገር። የሸክላዎቹንና የሥራቸውን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። አቶ ጌታቸው በ1935 በይፋት ተወለዱ። መጀመሪያ የተማሩት ክራርና ማሲንቆ ነው፤ በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገብተው ክላርኔትና ሳክስፎን ያዙ፤ በ1955 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 በፖሊስ ኦርኬስትራ አገለገሉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሽለላን ዜማ ከሸላዩ ጉሮሮ አውጥተው በሳክስፎን መጫወት ጀመሩ። በመድረክ ላይም የጀግና ለምድ ለብሰው፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ከሸላዩ ጋር ይፎካከሩ ነበር። ድምፃዊው ሲሸልል ሳክስፎኑ ይቀበለዋል፣ ሳክስፎኑ ሲሸልል ድምፃዊው ይቀበላል ማለት ነው።

በ1972 በፊሊፕስ የታተመው ሸክላቸው በ2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ እትም ዐሥራ አራተኛ ሆኖ እንደ ገና ወጣ፤ የእኔ ትውልድ ያገኘውም በዚሁ እትም ነው። በዚህ ሸክላ ላይ የሳክስፎኑ ድምፅ ሰፊ ነው፤ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ድምፅ ላይ ቆሞ ይጎተታል፤ ከዚያም በድንገት እንደ ፎካሪ አንደበት ይቸኩላል። ብዙ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህን አጨዋወት በአሜሪካ የፍሪ ጃዝ ሰዎች ከነበሩት ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር ያመሳስሉታል። ማመሳሰሉ ለጆሮ ትክክል ይመስላል፤ እኔን ግን አያረካኝም። አሜሪካኖቹ ከተቀበሉት ደንብ ለመውጣት የታገሉ ናቸው። ጌታቸው ግን ከደንብ የወጡ አይደሉም፤ ለሸላዩ ደንብ የታዘዙ ናቸው። የትንፋሹ ርዝመት፣ የስንኙ አወዳደቅ፣ የፉከራው ጥድፊያ ሁሉ ከጊች አፋፍ የማውቀው ነው። አዲሱ ነገር መሣሪያው ብቻ ነበር ብል ግን ማጋነን ይሆናል፤ ከመሣሪያው ጋር አንድ ሌላ ነገርም ተለውጧል፤ እርሱም ቃሉ መቅረቱ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የዚህ ሸክላ ጉድለት አጃቢው ጓድ ይመስለኛል። ለፍቅር ዜማዎቹ እጅግ ተስማምቷል፤ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ለሳክስፎኑ ምቹ አልጋ ያነጥፋል። ለሽለላው ግን ምቹ አልጋ አያስፈልግም። ጌታቸው ትንፋሽ ሲስቡ ጓዱ ያንኑ ዙሩን ይቀጥላል፤ ክፍቱን ቦታ የሚያይ ሰው ያለ አይመስልም። ሸላዩ ጮኾ ተቀባዮቹ ሽሮ እየበሉ ነው እንደ ማለት ነው።

ዘ ኤክስ የሚባሉት የሆላንድ የፓንክ ሙዚቀኞች በ1979 የተመሠረቱ ሲሆን፣ በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ አቶ ጌታቸውን ወደ አገራቸው ጋበዙ። ከዚያ በኋላ እንዲያጅቧቸው የጠየቁት ራሳቸው አቶ ጌታቸው ናቸው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ»፣ በ2012 «ያንበሳው ትዝታ» የሚባሉትን አብረው አወጡ። ዙፋኑ ከወረደ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለምን የዙፋኑ መፈክር ለሸክላ ርእስ ሆነ የሚለው ጥያቄ አሁንም ይከነክነኛል። ሙዚቃው ግን ሌላ ነው። ጊታሮቹ አያጅቡም፤ ይከራከራሉ። የካትሪና ቦርንፌልድ ከበሮ ዙር ከመጠበቅ ይልቅ ሳክስፎኑን ይከታተላል። ሳክስፎኑ ሲያቆም ከኋላ አንድ ሻካራ ድምፅ ይነሣና ቦታውን ይሞላል፤ ያ ድምፅ ዜማ አይደለም፤ «በለው!» ነው። ስለዚህ ለፍቅሩ ዜማ የ1972ቱን፣ ለሽለላው የ2006ቱን እመርጣለሁ። ከሽለላ አገር ብዙ የራቁ ሰዎች ተቀባይነቱን ከአገሩ ጓድ የበለጠ ማወቃቸው የሚያስገርም ነው። ምናልባትም ቋንቋውን ስለማያውቁት በጥንቃቄ ለማዳመጥ ተገድደው ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ያልሁት ሁሉ ስለ ድምፅ ብቻ ነው፤ ቢቀር ደስ ይለኝ ነበር፤ አልቀረም። በማደሪያችን በአንድ ክፍል ስድስት ተማሪዎች ነን። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ በአገሬ ሠርግ ላይ በስልክ የተቀዳ ሽለላና ፉከራ በትንሽ ስፒከር አሰማኋቸው። ሁለቱ ተነሥተው ትከሻቸውን መቱ፤ አንዱ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ እንደ ጦር ሰበቀ፤ ሳቅ ሆነ። ከተከዜ ማዶ የመጣው ጓደኛችን ግን ምንም ሳይናገር ጫማውን አድርጎ ወጣ። በማግስቱ ሻይ ቤት ተቀምጠን ለምን እንደ ወጣ ጠየቅሁት። «በጦርነቱ ጊዜ ይህን ድምፅ የሰማሁት ከሚያልፍ መኪና ላይ ነው» አለኝ። «ተቀበለኝ ስትል ምን ብዬ ነው የምቀበልህ?»

መልስ አልነበረኝም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። እኛ በደባርቅ ቤት ዘግተን የከባድ መሣሪያ ድምፅ ስንሰማ ሰንብተናል። እኔም የማዶውን ፉከራ በዚያች ሰዓት ብሰማ ጫማዬን አድርጌ መውጣቴ አይቀርም ነበር፤ ፉከራ በእነርሱም ዘንድ አለና። በጽሑፌ መጀመሪያ ላይ የሽለላ ክብደት በሰሚው ላይ የሚጥለው ዕዳ ነው ብያለሁ። ያ ዕዳ ለአንዱ ወዳጅነት፣ ለሌላው ግን ማስፈራሪያ መሆኑን ያሰብሁት ከዚህ በኋላ ነው። ፎካሪው የገደለውን ስም ሲጠራ፣ የሟቹ ዘመድ በክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ደንብ በፉከራ ውስጥ የለም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ «ሞዓ አንበሳ»ን በዚያው ስፒከር ከፈትሁ። እውነቱን ለመናገር ለእርሱ ብዬ አልነበረም፤ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ነበር፤ እርሱም ለፈተና እያነበበ ስለ ነበር ይሰማል ብዬ አላሰብሁም። አልወጣም። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ዘፈን ላይ ሳክስፎኑ ትንፋሽ ሲስብ፣ ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሣ በእጁ የአልጋውን ብረት ሁለት ጊዜ መታ። በትክክለኛው ቦታ ነው የመታው።

ይህን ካየሁ በኋላ፣ ጌታቸው የሟቹን ስም አውጥተው ክብደቱን ብቻ አስቀሩልን ብዬ ለመጻፍ ተቻኩዬ ነበር። ጽፌውም ነበር፤ ነገር ግን ሰረዝሁት። ቃል የሌለው ፉከራ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ያ ሳክስፎን ያደገው በመንግሥት ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ነው፤ የለበሰውም የግዳይ ልብስ ነው። በ1969 ዓ.ም. በሶማሌ ወረራ ጊዜ ዘማች ለማነሣሣት ቀረርቶና ሽለላ ያገለገሉ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ በቅርቡ ጦርነትም እንዲሁ ሆኗል። ቃሉ የተተወበትን ቦታ ማንም በፈለገው ቃል ሊሞላው ይችላል፤ በሰበቀው እስክሪብቶም፣ በመኪና ላይ ባለ ድምፅ ማጉያም፣ በአልጋ ብረትም። ጌታቸው ያደረጉት ነገር ይህን ምርጫ ለሰሚው መተው ነው። ከቃሉ ጋር በነበረበት ጊዜ ግን ጓደኛዬ ምርጫ አልነበረውም።

በእረፍት ጊዜ ወደ ደባርቅ ስሄድ ሁለቱንም ሸክላ ለአጎቴ በስልክ አሰማኋቸው። በመጀመሪያው ላይ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ብዙ ጠበቁ። «የማን ልጅ ነው? ምን ሠራ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሳክስፎን ነው ብዬ ብነግራቸውም፣ «ስሙን ሳይናገር ሊጨርስ ነው?» ብለው አዘኑ። ለእርሳቸው ስም የሌለው ፉከራ ከፍርሃት አይለይም፤ የሠራውን የማይናገር ሰው ምናልባት ምንም አልሠራም። ይህ ተቃውሞ ከባድ ስለ ሆነ አላቃለልሁትም። የ2006ቱን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ጊታሩ ከሳክስፎኑ በኋላ ሲገባ እጃቸውን አንሥተው፣ «ይኸ ገደሉ ነው» አሉ። ጥቂት ከሰሙ በኋላ ግን ራሳቸውን ነቅንቀው «ገደሉ ቸኩሏል፤ ሰውዬው ሳይጨርስ ይመልሳል» ሲሉ ነቀፉት።

በዚህ ግን ከአጎቴ ጋር አልተስማማሁም። ይህ ሸክላ ሲቀዳ አቶ ጌታቸው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጊታሩ ቀድሞ የሚገባው የሳክስፎኑ ትንፋሽ በሚያጥርበት ቦታ ነው፤ ትንፋሹ ሙሉ በሆነበት ቦታ ይጠብቃል፤ ይህንን ደጋግሜ ሰምቼ አረጋግጫለሁ። ሽማግሌ ሸላይ ሲደክመው ተቀባዩ ስንኙን ሳይጠብቅ ገብቶ እንዳያፍር ይሸፍንለታል። ይህንንም ያየሁት በሆላንድ ሸክላ ላይ አይደለም፤ በ2007 ዓ.ም. በጊች በተደረገ ሠርግ ላይ፣ አጎቴ ራሳቸው ትንፋሽ ባጠራቸው ጊዜ እረኞቹ ያደረጉላቸው ነው። ይህን ሳስታውሳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ስልኩን መልሰው እየሰጡኝ፣ «እስቲ ከዚያች ቦታ ድገመው» አሉኝ።